ከቶሮንቶ ተነሥቶ ሰንዓፌ የቀረው ኮሎኔል

በስፓዳይና እና በዌሊንግተን ጎዳናዎች አካባቢ፣ ክላረንስ ስኩዌር በምትባለው ትንሽ መናፈሻ ውስጥ አንድ የመታሰቢያ ሰሌዳ ቆሟል። በዚያ በኩል ለሥራ የሚጣደፈው ወገን ልብ ብሎት አያውቅ ይሆናል። የተጻፈው ስለ ኮሎኔል አሌክሳንደር ሮበርትስ ደን ነው።

ደን የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1833፣ ቶሮንቶ ገና ዮርክ ስትባል ነበር። የባለሥልጣን ልጅ ነው። አፐር ካናዳ ኮሌጅ ተማረ፤ ኋላም የእንግሊዝ ፈረሰኛ ጦር ገባ። በ1854 ባላክላቫ ላይ ፈረሰኛው በተሳሳተ ትእዛዝ ወደ ሩስያ መድፍ አፍ ሲጋልብ፣ ደን ጠላት የከበበውን አንድ ሃምሳ አለቃ በጎራዴው አስጣለ፤ ሌላም ወታደር አዳነ። በ1857 ንግሥት ቪክቶሪያ በስማቸው የተሰየመውን መስቀል ሸለሙት። ይህን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው የካናዳ ተወላጅ እርሱ ነው። የአዛዡን ሚስት ይዞ መኮብለሉን ግን አወዳሾቹ ማንሣት አይወዱም።

በ1868 ጄኔራል ናፒየር ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስፈታት ሲዘምት፣ ደን የ33ኛው እግረኛ ጦር አዛዥ ሆኖ አብሮ መጣ። ጃንዋሪ 25 ቀን ሰንዓፌ አጠገብ ለአደን እንደ ወጣ የራሱ ጠመንጃ ባረቀበት። በ34 ዓመቱ እዚያው ተቀበረ። ስለ አሟሟቱ ሐሜት አልጠፋም።

ጦሩ ግን መቅደላ ደረሰ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቀድመው ቅጥሩን ከዘለሉት መካከል በርጊን እና ማግነር የተባሉ ሁለት የ33ኛው ወታደሮች፣ አየርላንዳውያን፣ ያንኑ መስቀል ተሸለሙ። ንጉሠ ነገሥቱ እጅ ከመስጠት ሽጉጣቸውን ጠጡ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ኢትዮጵያዊ ሁሉ ያውቀዋል፤ ታቦቱ፣ ብራናው፣ ዘውዱ ተዘረፈ። እነርሱ አንድ መስቀል ለጀግንነት ሲሰጡ ከመቅደላ ስንት መስቀል ተጭኖ ወጣ! ሕፃኑ ልዑል አለማየሁም ተወስዶ በ1879 እ.ኤ.አ. በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር አረፈ።

የደንን መቃብር በ2001 ያደሱት፣ ከኢትዮ ኤርትራ ጦርነት በኋላ በተባበሩት መንግሥታት ሥር ወደ ሰንዓፌ የሄዱ የካናዳ ሰላም አስከባሪዎች ናቸው። የልዑሉ አፅም ዛሬም ዊንድሶር ነው። ቤተሰቦቹ ወደ አገሩ ይመለስ ብለው ያቀረቡትን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2023 አልተቀበለውም።