የአስር ሳንቲሜትር ኩራት

አዲስ አበባ ውስጥ ሰው አልረዘመም፤ መኪና ግን እየረዘመ ነው። ሃርድ ቶፑ፣ ሃይሉክሱ፣ አልፎ አልፎም ያቺ ሚጢጢዋ ጂምኒ ጋራዥ ገብተው ሁለት ቀን ይሰነብቱና አስር ሳንቲሜትር አድገው ይወጣሉ። ጎማቸው አብጦ፣ ፓራፋንጓቸው ተቆርጦ፣ ባለቤታቸውም ደረቱን ነፍቶ። እናቱን ቤተ ክርስቲያን ሊያደርስ ሲፈልግ ግን ሁለት ሰው ደግፎ ነው የሚያሳፍራቸው። (መርገጫው በሚቀጥለው ወር ይገጠማል ተብሏል።)

«ለምን አስነሳኸው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ የታወቀ ነው፦ «መንገዱን አታዩትም እንዴ!»

ድንቄም መንገዱ! ወዳጄ፣ አንተ እኮ መኪናህን የምትነዳው ከቦሌ መገናኛ፣ ከመገናኛ ሳር ቤት ነው። በዓመት አንዴ ሐዋሳ ትወርዳለህ፣ እሱም አስፋልት ነው። የመኪናህ ትልቁ ፈተና ካፌው በር ላይ ለማቆም ስትል የምትወጣው የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ነው። እሱም ቢሆን የእግረኛ እንጂ የአንተ አልነበረም።

አገራችን ክፉ መንገድ የላትም እያልኩ አይደለም። አላት፣ ሞልቷታል። ወደ ደቡብ ኦሞ የወረደ፣ የአፋርን ድንጋይና አሸዋ ያየ ሰው ያውቀዋል። ግን እዚያ የሚሠሩትን መኪኖች ልብ ብላችሁ አይታችኋል? የጤና ጣቢያው አምቡላንስ፣ ወደ ኤርታ አሌ ቱሪስት የሚያመላልሰው ሹፌር፣ የእርዳታ ድርጅቱ ላንድ ክሩዘር … ብዙዎቹ ከፋብሪካ በወጡበት ቁመት ነው ዕድሜያቸውን የሚጨርሱት። ባለ 70 ቁጥሩ ላንድ ክሩዘር እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የሚመረተው ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው። ጎበዝ ሹፌር አሸዋ ሲያጋጥመው ቶርኖ ቤት አይሮጥም፤ የጎማውን አየር ቀነስ ያደርጋል፣ ያልፋል፣ መልሶ ይነፋል። ዋጋው ዜሮ ብር ነው። ፎቶ ላይ ስለማይታይ ግን ቦሌ ላይ ገበያ የለውም።

አሁን የሚያናድደኝን ነገር ልናገር። ከፍታ ለብቻው የሚሸጥ ዕቃ አይደለም። ከፍታ የገዛ ሰው ፍሬኑን፣ መሪውንና ሚዛኑን አብሮ ነክቷል። የእነሱን ዋጋ እሱ ካልከፈለ ሌላ ሰው ይከፍልለታል፤ ያ ሌላ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መኪና የለውም።

ከቀላሉ እንነሳ። «ሆዱ ድንጋይ እንዳይነካ ነው» የሚለው ወገን፣ ከሆዱ ሥር ዝቅ ብሎ የሚገኘው ምን እንደሆነ ጎንበስ ብሎ አይቶ ያውቃል? ዲፈረንሻሉ ነው። ሃርድ ቶፕና ጂምኒ ከፊትም ከኋላም ደንዳና አክስል ያላቸው መኪኖች ናቸው። ሞላ ብትቀይር፣ ባሌስትራ ብትጨምር፣ ከሞላው ሥር ብረት ብታስገባ ከፍ የሚለው ከአክስሉ በላይ ያለው አካል ነው። ዲፈረንሻሉ ግን ከጎማው ጋር የታሰረ ስለሆነ የትም አይሄድም፤ ትናንት ድንጋይ ይመታው በነበረበት ቁመት ነገም ይመታዋል። እሱን ከፍ የሚያደርገው ትልቅ ጎማ ብቻ ነው። አምስት ሳንቲሜትር በዲያሜትር የጨመረ ጎማ ዲፈረንሻሉን የሚያነሳው በሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ነው። ለእሱ ነው እንግዲህ ያ ሁሉ ብር!

በሃይሉክስ ነገሩ ይለያል። የፊቱ ዲፈረንሻል ሻንሲው ላይ ስለተያዘ አብሮ ከፍ ይላል። ግን ወደ ፊት ጎማዎች ጉልበት የሚያደርሱት ሁለቱ ዘንጎች ከመሀል ወደ ታች እየዘመሙ መሥራት ይጀምራሉ። የግራሳቸው ላስቲክ ሽፋን እየተጣጠፈ ይቀደዳል፣ አቧራ ይገባል፣ ከዚያ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ይመጣል። ባለቤቱ ሬዲዮውን ጮክ ያደርጋል።

ይሄ ሁሉ የኪስ ጉዳይ ነው እንበል። የራሱ ኪስ ነው፣ ይክሰር። ወደ ፍሬኑ እንምጣ፤ እዚህ ጋ ነው ቀልዱ የሚያልቀው።

ሰውና ጭነት እንዲሸከሙ በተሠሩ ብዙ ፒካፖችና ፎር ዊሎች የኋላ አክስል ላይ አንዲት ትንሽ ቫልቭ አለች። ሥራዋ መኪናው ምን ያህል እንደተጫነ መገመት ነው። የምትገምተውም በቀጭን ዘንግ ነው፦ ሻንሲው ወደ አክስሉ ሲቀርብ «ተጭኗል» ብላ ለኋላ ጎማዎች ብዙ የፍሬን ግፊት ትለቃለች፤ ሲርቅ «ባዶ ነው» ብላ ትቀንሳለች። ብልህ አሠራር ነው፤ ባዶ ፒካፕ በሙሉ ግፊት ከተያዘ የኋላ ጎማው ተቆልፎ ይሽከረከራልና።

አሁን መካኒኩ ከባሌስትራው ሥር ብረት አስገብቶ ሻንሲውን ከአክስሉ አስር ሳንቲሜትር አራቀው። የቫልቯን ዘንግ ግን አላስተካከለም። ወይ አላወቃትም፣ ወይ ደንበኛው ስለማያያት ሒሳብ ውስጥ አልገባችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቫልቯ «መኪናው ባዶ ነው» ብላ ታምናለች። በሠርግ ቀን አስር ጎረምሳ ከኋላ ሲጫን፣ ባዶ ነው። ከገጠር ጤፍ ተጭኖ፣ በጤፉ ላይም ሰው ተሳፍሮ ቁልቁለት ሲወርድ፣ አሁንም ባዶ ነው። ሹፌሩ ይረግጣል፣ የፊቶቹ ብቻቸውን ይታገላሉ፣ የኋላዎቹ ግማሽ ልብ ናቸው። አደጋ ሲደርስ ደግሞ ምን ተብሎ እንደሚነገር እናውቃለን፦ «ፍሬን እምቢ ብሎት።» ፍሬኑ እምቢ አላለም። ውሸት ተነግሮት ነው።

የፍሬን ቱቦውስ? ከሻንሲው ወደ ጎማው የሚወርደው ላስቲክ ቱቦ ርዝመቱ የተለካው ለፋብሪካው ቁመት ነው። መኪናው ጉድጓድ ዘሎ ጎማው ሲንጠለጠል ቱቦው ይወጠራል። አሞርዛተሩም እንዲሁ፦ አጭሩ የድሮው አሞርዛተር ከረጅሙ አዲስ ሞላ ጋር ሲገጠም ጎማው በወረደ ቁጥር እስከ ጫፉ ተስቦ ይመታል፣ እስኪበጠስ ድረስ ማሰሪያ ገመድ ይሆናል። ደንበኛው ግን አሞርዛተሩ «ገና አዲስ ነው» ተብሎ ስላተረፈ ደስ ብሎታል።

መሪው ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ የተሠሩት ባለ 70 ላንድ ክሩዘሮች ከፊት ባሌስትራ ትተው ሞላ ይዘዋል፤ አክስሉን የሚይዙት ሁለት ክንዶች ናቸው። ሻንሲው ከፍ ሲል ክንዶቹ አክስሉን ይጠመዝዙታል። ያኔ መሪውን ከኩርባ በኋላ በራሱ ወደ መሀል የሚመልሰው ማዕዘን ይቀንሳል። መኪናው በ40 ሲነዳ ምንም አይመስልም። በፈጣን መንገድ በ100 ሲነዳ ግን ግራና ቀኝ መቃበዝ ይጀምራል፤ ሹፌሩም ሙሉ መንገዱን ከመሪ ጋር ሲታገል ይውላል። ይህን የሚያስተካክሉ ልዩ ጎሚኒዎች አሉ፤ አክስሉ ወደ ጎን ሲሸሽ የሚመልስ የሚስተካከል ዘንግም አለ። «እሱ ግዴለም» ሲባል ስንቴ ሰምቻለሁ!

ሚዛንን በተመለከተ አሜሪካኖቹ ቀላል ሒሳብ አላቸው። የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤታቸው ከ2001 ሞዴል ጀምሮ መኪኖችን በመገልበጥ አደጋ ደረጃ ሲያወጣ የተነሳው ከዚህ ሒሳብ ነው፦ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለውን ስፋት ለሁለት ክፈል፣ የወጣውን ለመኪናው የስበት ማዕከል ቁመት አካፍል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን መገልበጥ ይቀላል። ተራ የቤት መኪና 1.3 እስከ 1.5 አካባቢ ያመጣል። ለምሳሌ ስፋቱ 1.50 ሜትር፣ የስበት ማዕከሉ 70 ሳንቲሜትር የሆነ ፎር ዊል እንውሰድ፦ 1.07 ይደርሰዋል። በሞላና በጎማ ማዕከሉን 8 ሳንቲሜትር ብቻ ከፍ አድርጉት፤ ወደ 0.96 ይወርዳል። ጣሪያው ላይ የተጫነውን ጎማና ጀሪካን አልቆጠርኩም። ካሜራ ማኑን በመስኮት አውጥቶ በሠርግ አጀብ ዚግዛግ የሚነዳው ልጅ ይህን ቁጥር አያውቅም። ትልቁ ጎማ የፍጥነት መለኪያውንም እንደሚያታልል አያውቅም፦ ጎማው በዲያሜትር 10 በመቶ ካደገ፣ መለኪያው 80 ሲል መኪናው 88 እየሄደ ነው።

«የራሴ መኪና፣ የራሴ ሕይወት» የሚለው መልስ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። ጥሩ። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት ውስጥ አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት ተቋም ወደ 18 ሺህ የሚጠጉ የእግረኛ አደጋዎችን መርምሮ፣ የፊት ኮፈናቸው ከመሬት ከአንድ ሜትር በላይ የሆኑ መኪኖች ኮፈናቸው ዝቅና ዘመም ካሉት ይልቅ የመቱትን እግረኛ የመግደል ዕድላቸው 45 በመቶ ያህል እንደሚበልጥ አግኝቷል። ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። ዝቅ ያለ መኪና እግር ይመታል፤ ሰውየው ኮፈኑ ላይ ይወድቃል። ከፍ ያለ መኪና ደረትና ጭንቅላት ይመታል፤ ሰውየው ከሥር ይገባል። ሕፃን ከሆነ ደግሞ ሹፌሩ ከነጭራሹ ላያየው ይችላል። ሃርድ ቶፕ ሳይነካ እንኳ ኮፈኑ ከፍ ያለ ነው፤ በዚያ ላይ አስር ሳንቲሜትር ጨምረህበት ከትምህርት ቤት በር ላይ ስትቆም የራስህን ሕይወት ብቻ አይደለም የያዝከው። ማታም ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን የምታጠፋው አንተ ነህ፤ ፊቱን ከኋላው አብልጠህ ስላስነሳኸው መብራትህ ሰማይ ሰማይ ያያል።

እንግዲህ «ይህ ሰው መኪና ከፍ ማድረግን ጨርሶ ይጠላል» እንዳትሉኝ። አልጠላም። ሥራው ዳናክል፣ ወይም የዝናብ ጊዜ የሚቆረጥ ገጠር የሆነ ሰው በልኩ የተሠራ ሙሉ ዕቃ ቢገጥም፣ በአራት ወይም አምስት ሳንቲሜትር ቢያቆመው፣ ደስ ይለኛል። ሙሉ ዕቃ ማለት ለመኪናው ክብደት የተሰላ ሞላና ባሌስትራ፣ ከእሱ ጋር የሚመጣጠን ረጅም አሞርዛተር፣ የረዘመ የፍሬን ቱቦ፣ የተስተካከለ ቫልቭ ነው። አገጣጠሙም የራሱ ሕግ አለው። ጎሚኒዎቹ የሚጠብቁት መኪናው ክሪክ ላይ ተንጠልጥሎ ሳይሆን በራሱ ክብደት መሬት ላይ ከቆመ በኋላ ነው፤ አለዚያ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ታስሮ ይቀርና በጥቂት ወራት ይቀደዳል። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት የዩ ቅርፅ ብሎኖች አንዴ ከወጡ በአዲስ ይተካሉ፤ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላም እንደገና ይጠብቃሉ። አላይመንት ይሠራል፣ መብራት ይስተካከላል። ይህን ሁሉ የሚያደርጉ መካኒኮች አገራችን ውስጥ አሉ። ቀናቸውን ይፈጃል፣ ይህንንም ያስከፍላሉ። ችግሩ ጎረቤታቸው በአንድ ከሰዓት፣ በቶርኖ በተላጠ አራት ብረት፣ በሩብ ዋጋ «እንጨርስልሃለን» ማለቱ ነው። ደንበኛውም በዱባይ አሸዋ የሚዘል ፓትሮል በስልኩ አይቶ ስለመጣ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ስንት ሳንቲም ያነሳል?»

አውስትራሊያዊ ከእኛ ይልቅ ፎር ዊል ይወዳል፤ በረሃውም ከእኛ አይተናነስም። ሆኖም በኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ለዓመታት መኪናውን ከ50 ሚሊ ሜትር በላይ ያስነሳ ሰው ፈቃድ ካለው ባለሙያ ማረጋገጫ ይጠየቅ ነበር። እኛ ጋ አዋጅ ቁጥር 681/2002 አለ፣ ዓመታዊ ምርመራ አለ፣ ቦሎ አለ። በምርመራው ላይ ቆሞ ሜትር ዘርግቶ ቁመት የለካ፣ ከሥር ገብቶ ያቺን ቫልቭ ያየ መርማሪ የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ አስተያየት መስጫው ላይ ይጻፍልኝ፤ በስሙ ቡና እጋብዛለሁ። ነገሩ ከባድ መሣሪያ አይፈልግም። የልብስ ሰፊ ሜትርና አንድ የእጅ ባትሪ ይበቃል። የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለበት እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ደግሞ እነዚህ አሮጌ ፎር ዊሎች ገና ረጅም ዓመት ከእኛ ጋር የሚኖሩ ናቸው፤ ከአንዱ ባለቤት ወደ ሌላው ይሸጣሉ። ሦስተኛው ገዢ ከሞላው ሥር ምን እንደተቀመጠ በምን ያውቃል?

መርማሪው እስኪነቃ ድረስ ግን መኪናውን ያስነሳህ ወዳጄ፣ ነገ ጠዋት ጋራዥ ሂድና ከኋላ በኩል ሻንሲውን በክሪክ አስነሳው፣ ጎማዎቹ ይንጠልጠሉ። ባትሪ ይዘህ ከጎን ጎንበስ በል። ከሻንሲው ወደ አክስሉ የሚወርደውን ጥቁር የላስቲክ ቱቦ ፈልገው። እንደ ክራር ክር ተወጥሮ ካገኘኸው፣ መኪናውን እዚያው ተወውና በታክሲ ተመለስ።