ቁስል የእንደራሴነት ማስረጃ አይደለም

«ለአገሩ የቆሰለ ሕዝቡን አይከዳም» የሚል እምነት በየአገሩ ሥር ሰዷል። ይህ እምነት መመርመር አለበት።

የሃዋዩ ዳንኤል ኢኖዌ እ.ኤ.አ. በ1945 ኢጣሊያ ውስጥ ሲዋጋ ቀኝ ክንዱን አጣ። በ1959 ለአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ተመረጠ፤ ከ1963 እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 2012፣ በሴኔት ተቀመጠ። ጀግንነቱን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ የአገሩ ባሕር ኃይል ከመራጮቹ ደሴቶች አንዷን፣ ካሆኦላዌን፣ ከ1941 ጀምሮ የቦምብ መለማመጃ አድርጓት ነበር። ይህን ግፍ ፊት ለፊት የተጋፈጠው ማን ነው? በ1976 እገዳውን ጥሰው ደሴቲቱ ላይ የወጡት፣ መሣሪያ ያልያዙ የአገሬው ተወላጆች ናቸው። በዚያ ትግል የታሰሩ አሉ፤ በ1977 ባሕር ላይ የቀሩም አሉ። ድብደባው የቆመው በ1990 ነው። ኢኖዌ ደሴቲቱን ለሃዋይ የሚመልሰውንና ለጽዳቷ 400 ሚሊዮን ዶላር የሚፈቅደውን ሕግ ያስወጣው በ1993፣ ከመጀመሪያው ወረራ 17 ዓመት በኋላ ነበር። ሕጉ ታላቅ አገልግሎት ነው። መንገዱን የጠረገለት ግን የሕዝቡ ጩኸት እንጂ የደረቱ ኒሻን አይደለም።

የእኛንስ አገር እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1987 የደርግ መኮንኖች መለዮአቸውን አውልቀው 835 መቀመጫ ባለው ሸንጎ ተሰየሙ። ዕጩዎቹ በኢሠፓ ወንፊት ያለፉ ነበሩና ሕዝቡ በተግባር ሊጠይቃቸውም ሆነ ሊያወርዳቸው አልቻለም። ልዩነቱ ከወታደሩ ደም ሳይሆን ከመራጩ ሥልጣን ላይ ነው።

እንግዲህ የወታደሩን ጀብዱ ታሪክ ያክብርለት፤ ከእንደራሴው ግን ሕዝብ ሒሳቡን ይጠይቅ!