ልብ ወለዳችን ስለ ምን አይዜምም?

«ኦፔራ የፈረንጅ ነገር ነው፤ ለእኛ ሕዝብ አይስማማም» የሚል ቃል በየቢሮውና በየትምህርት ቤቱ ሲነገር እንሰማለን። ቃሉ ትሕትና ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ስንፍና ነው። ሳንሞክር የተውነውን ነገር አስበንበት የተውነው ያስመስልልናልና።

እስቲ ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንመልከት። አቤ ፕሬቮ የተባለው ፈረንሳዊ ደራሲ የማኖን ሌስኮንና የዴ ግሪዩን ፍቅር በ1731 እ.ኤ.አ. በልብ ወለድ ጻፈ። ማስኔ የተባለው የሙዚቃ ደራሲ ደግሞ ታሪኩን ወደ ኦፔራ መልሶ በ1884 እ.ኤ.አ. በፓሪስ አሳየው። በመጽሐፉ ታሪኩን የሚተርከው ዴ ግሪዩ ስለ ሆነ ማኖንን የምናውቃት በእርሱ አንደበት ነው፤ በኦፔራው ግን ስለ ራሷ ራሷ ታዜማለች። በመጽሐፉ ባሕር ተሻግራ በአሜሪካ ምድር ትሞታለች፤ በኦፔራው ግን መርከብ ሳትሳፈር፣ ወደ ለሃቭር ወደብ በሚወስደው መንገድ ላይ ታርፋለች። እንግዲህ ማስኔና ግጥሙን ያዘጋጁለት ሰዎች መጽሐፉን አልገለበጡም፤ ሊዜም የሚገባውን መርጠው የቀረውን ለአንባቢ ተዉለት።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው መሣሪያ በእኛ ዘንድ የለምን? በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ለቅሶ የደረሰ ሰው መልሱን ያውቀዋል። አልቃሽዋ የሟቹን ሕይወት በግጥም ታወርዳለች፤ ለቀስተኛው ይቀበላታል። ሽለላው ቁጣን፣ እንጉርጉሮው ብቸኝነትን ይናገራል። አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን በመንዝ ገበሬዎች መካከል ኖሮ ያጠናውን በ1965 እ.ኤ.አ. «ሰምና ወርቅ» በሚል አርእስት አሳተመ። እንግዳ ለመጽሐፍ ያበቃውን ጥበብ ባለቤቶቹ ለመድረክ ሳናበቃው መቅረታችን ያሳፍራል።

ልብ ወለድም አልጎደለብንም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ በኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሁሉ ሰማው። ያ ትረካ ድምፅ መጽሐፍን እንደሚያሰፋ እንጂ እንደማይገድል አስረድቶናል። ሆኖም የአንድ ተራኪ ድምፅ ነበር። ሰብለ ወንጌል በራሷ እንጉርጉሮ፣ በዛብህ በቅኔው፣ ጉዱ ካሣ በምጸቱ ቢናገሩስ? «ታሪኩ የጎጃም ነው» የሚል ቢኖር፣ የካርመንም ታሪክ የእስፓኝ ምድር ታሪክ ነው፤ በ1875 እ.ኤ.አ. በኦፔራ ያሳየው ቢዜ ግን ፈረንሳዊ ነበር።

ዛሬ አዝማሪውን የምንጠራው መቼ ነው? ለስብሰባ መክፈቻና ለግብዣ ማድመቂያ አይደለምን? ሽለላውን በሁለት ንግግሮች መካከል አስገብተን «ባህላችንን አሳየን» እንላለን። ይህ ጥበብን ማክበር ሳይሆን ማሳነስ ነው። አልቃሽዋም ስትሞት ያልተጻፈው ግጥሟ አብሯት ይቀበራል።

ስለዚህ የሰሜን ሸዋ መምህራን ሆይ፣ ከአንድ ልብ ወለድ አንድ ምዕራፍ ምረጡ፤ የደራሲውን ወራሾች አስፈቅዱ፤ አልቃሽዋንና ባለመሰንቆውን በተማሪዎቻችሁ ፊት እንደ መምህር አስቀምጡ። የባህል ሹሞችም ለበዓል ማድመቂያ የምታወጡትን ገንዘብ ለአንድ ዓመት ልምምድ አውሉት። «ለእኛ አይስማማም» የሚለው ሰው ያን ጊዜ አይቶ ይፍረድ።