ድጎማው መታወቂያ ይጠይቃል፤ ረሃብ ግን አይጠይቅም

ለሹሞቻችን አንዲት ጥያቄ አለችኝ። በቅናሽ የሚሸጠው የመንግሥት ዘይትና ስኳር “ለድሃው ነው” ካላችሁ፣ ድሃው ሸማች ሱቅ በር ላይ የነዋሪነት መታወቂያ ለምን ይጠየቃል?

ለመሆኑ በዚህች አዲስ አበባ ከሁሉ የባሰው ድሃ ማነው? አንዲት ክፍል ለአራት ተከራይቶ የሚያድረው የቀን ሠራተኛ አይደለም እንዴ? ሰው ቤት ተቀጥራ የምትኖር ልጅስ? ከገጠር መጥታ ጉሊት የተቀመጠችው እናትስ? ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ መታወቂያ አለው? ወረዳው “መሸኛ አምጣ” ይለዋል። አከራዩ ደግሞ ግብር ስለሚፈራ በቤቱ ቁጥር ሰው ማስመዝገብ አይፈልግም። ባለፎቁ ግን መታወቂያ አለው። ሠራተኛዋን ከንጋት ጀምሮ ወረፋ ያሰልፋታል፤ ዘይቱ የሱ፣ ወረፋው የሷ!

ይህ አመል ዛሬ የተወለደ አይደለም። በደርግ ጊዜ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እህሉን ከገበሬው በኮታ፣ ራሱ በተመነው ዋጋ ይወስድ ነበር። ከተሜው ከቀበሌ ሱቅ በርካሽ ሲሸምት፣ ድጎማውን የሚከፍለው መንግሥት ሳይሆን የጎጃምና የአርሲ ገበሬ ነበር። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ሲመጣ ኮታው ቀረ።

ኢሕአዴግ በበኩሉ ነጻ ገበያ እያለ ገብቶ፣ በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሰማይ ሲነካ ስንዴ መደጎም ጀመረ። በ2003 ዓ.ም. ጭራሽ በዳቦ፣ በዘይት፣ በስኳር፣ ሥጋ ሳይቀር የዋጋ ጣሪያ ለጠፈ። ምን ሆነ? ዕቃው ከመደርደሪያ ጠፋ። ወራት ሳይቆይ አብዛኛውን ጣሪያ ለጣፊው ራሱ አነሳው። ለዱቄት ፋብሪካዎች በቅናሽ የሚታደለው ስንዴ ግን ቀጠለ። ዳቦ ቤቱም ምን ያድርግ፣ ዋጋ እንዳይጨምር ሲከለከል ግራም ቀነሰ። ዋጋው ባለበት ቆሞ ዳቦው ከሳ! አንድን ዱቄት በሁለት ዋጋ ያስቀመጠ መንግሥት እኮ፣ መሐል ላይ ለቆመው ሁሉ ደመወዝ ቆርጦለታል ማለት ነው።

ያሁኖቹስ? ደግ የሠሩትን አልክድም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የተመረቀው ሸገር ዳቦ በቀን 2 ሚሊዮን ዳቦ እንዲጋግር የታሰበ ነው። በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተጀመረው ምገባ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥብኛል፤ ልጁን ሳህን ይዞ ሲቀርብ መሸኛ የሚለው የለማ! ነገር ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። ያኔ መንግሥት ነዳጅ፣ ማዳበሪያ፣ መድኃኒትና የምግብ ዘይት ለጊዜው እደጉማለሁ ብሎ ቃል ገባ። መቼስ ቃል አይከለከልም። ዘይቱ የሚያልፈው በዚያው በሸማች በር ከሆነ ግን ጉሊት ቸርቻሪዋ ዘንድ ምን ሊደርስ?

“መታወቂያ ካልጠየቅን አንዱ አምስት ቦታ ይወስዳል” ይሉናል። ስጋቱ እውነት ነው፤ ግን መፍትሔ ጠፍቶ አይደለም። ማን እንደተራበ ከወረዳ ጸሐፊ ይልቅ የዕድር ዳኛ ያውቃል። ሦስት ጎረቤት የመሰከረለት ተከራይ የሸመታ ደብተር ቢሰጠው የሚፈርስ አገር የለም። ብር በእጅ መስጠትም ይቻላል። በ2009 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ በተገኘ ገንዘብ የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት በ11 ከተሞች 604 ሺህ ሰው ለመርዳት የታቀደ ነበር፤ መሥራት የሚችለው ሠርቶ፣ የማይችለው እንዲሁ ብር ይቀበላል። ብሩ ከጤፍ ዋጋ ጋር አብሮ ካላደገ ግን፣ ዓምና ለወር የበቃው ዘንድሮ ለሳምንት አይሆንም። ሹሞቹ የራሳቸው አበል ሲስተካከል የገበያውን ዋጋ አይረሱም አይደል? እዚህም አይርሱት።

ይህ ሁሉ ጥናትና በጀት ይጠይቃል ቢሉን እንኳ፣ አንድ ነገር ሳንቲም አይጠይቅም። በሚቀጥለው የዘይት ዕደላ ስንት ጀሪካን እንደገባ፣ ስንቱ በየትኛው ቀን ለስንት አባወራ እንደተሸጠ፣ ስንቱ እንደቀረ በሸማቹ በር ላይ ይለጠፍ። ወረፋ የቆመው ሰው ራሱ ይቆጥረዋል።