አባቴን የት ልደብቀው?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱ የጎብዬ ልጅ የጻፈው ነው። (ጎብዬን ለማታውቁ፦ ከወልዲያ ወደ ቆቦ ስትሄዱ ሮቢት ሳትደርሱ የምታገኟት፣ የማሽላ አገር ናት።) ልጁ አዲስ አበባ ከገባ አራት ዓመቱ ነው። ስሙን እንዳትጠይቁኝ። ስድስት ኪሎ የምትማር ፍቅረኛ አለችው። ማታ ማታ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል።

ታዲያ ይሄ ልጅ ፍቅሩ ገና ሲጀመር «አባቴ ኮምቦልቻ ትልቅ ሱቅ አለው» ብሏታል። አባት ግን የጎብዬ ገበሬ ናቸው። አሁን ለዓይን ሕክምና ሊመጡ ነው፤ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው!

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። አባት ከሕክምናው ሌላ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ያን ምጽዋት እንሰጣለን ብለው ሰው የፈጁበትን ግቢ በሩን አሳየኝ» ብለውታል። የአያታቸው ወንድም በጣሊያን ጊዜ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ሄዶ፣ ከየካቲቱ እልቂት በኋላ ወሬው ጠፋ። መቃብሩ አይታወቅም። ቤተሰቡ ውስጥ ሲወራ ኖሮ ሲወራ እሳቸው ጋ ደርሷል።

ልጁ የሚለኝ ምን መሰላችሁ? «እዚያ በር ላይ እሷ ታየናለች። አንድነት ፓርክ ወይ እንጦጦ ወስጄ ‹ይኸው ይሄ ነው› ብላቸውስ?»

ኧረ ተው ወንድሜ! ፍቅረኛህን የዋሸኸው አንሶህ ነው? ሰውዬው የጠየቁህ መዝናኛ አይደለም። ለቅሶ ቤት አድርሰኝ ነው ያሉህ። የለቅሶ ቤት አድራሻ ደግሞ አይቀየርም።

አባትህ የሚሉት ግቢ አንተ በየማታው አጥሩን ተደግፈህ ሰዓትህን የምታይበት ነው። ያኔ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ጣሊያን ከተማዋን ሲይዝ ግራዚያኒ ገባበት። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ ቀኑ አርብ፣ የኢጣሊያ ልዑል ስለተወለደ ለድሃ ምጽዋት ይሰጣል ተባለና ዓይነ ስውሩም፣ አንካሳውም፣ ሽማግሌውም ተሰበሰበ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩ፣ ግራዚያኒ ቆሰለ። ተኩሱ እዚያው ግቢ ውስጥ በቆመው ምጽዋት ጠባቂ ላይ ተጀመረ። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ ሰው በየመንደሩ ተገደለ፣ ቤት ከነሰው ተቃጠለ። የኢትዮጵያ መንግሥት ከድል በኋላ ያቀረበው ቁጥር 30 ሺህ ነው። ተመራማሪው ኢያን ካምቤል ወደ 19 ሺህ ይገምታል። ከእነዚህ መሃል አንዱ ያንተው ዘመድ ሊሆን ይችላል። ሱቅ አልነበረውም መሰለኝ።

ከበሩ ፊት ለፊት አደባባዩ ላይ ያለውን ሐውልት መቼም አይተኸዋል። ግን ተጠግተህ አይተኸው ታውቃለህ? አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች የሚባሉ ሁለት የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች የሠሩት ነው፤ በ1940ዎቹ የቆመ። ዙሪያውን ነሐስ ላይ እልቂቱና ቀብሩ ተቀርጿል። የአባትህ ዓይን ደክሟል ብለሃል። እንግዲህ አንተ ልታይላቸው ነው! ማን እንደወደቀ፣ ማን ማንን እንደተሸከመ አንድ በአንድ ንገራቸው። አትቸኩል። የእያንዳንዱ ሟች ስም ግን እዚያ የለም፤ ቢጠይቁህ እውነቱን ንገራቸው።

አባትህ ለምን አሁን ጠየቁ? ይሄ የኔ ግምት ነው። ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ጦርነት የራያ ቆቦን ቆላ ደጋግሞ ረግጦታል። ሬሳው ያልተገኘ ሰው ያለበት ቤት እዚያ ስንት እንደሆነ ከኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። ሰው የአሁኑን ሐዘን አፍ አውጥቶ መናገር ሲያቅተው የጥንቱን ያነሳል። አንተ ዝም ብለህ አዳምጣቸው።

አሁን ወደ ልጅቷ። ዛሬ ማታ ንገራት፤ አባትህ ከመኪና እስኪወርዱ አትጠብቅ። «አባቴ ገበሬ ነው፣ ዋሽቼሻለሁ፣ አፍሬ ነበር» በላት። ትቆጣለች፣ ሁለት ቀን ስልክ ላታነሳ ትችላለች። የምትቆጣው ግን ለውሸቱ ነው እንጂ ለጋቢው አይደለም። ለጋቢው ከሆነ ደግሞ አሁን ማወቅህ ይሻልሃል። አብሽር።

ከታረቃችሁ አብራችሁ ውሰዷቸው። ከአራት ኪሎ ዳገቱን በታክሲ ውጡ፣ አባትህን በእግር እንዳታደክማቸው። እሷ የግቢው ተማሪ ስለሆነች ዘበኞቹን ከአንተ ይልቅ ታግባባለች። ግቢው በ1954 ዓ.ም. ነው ዩኒቨርሲቲ የሆነው፤ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ሙዚየም አለ፣ የንጉሡ መኝታ ቤት ሳይቀር ይታያል። ከፊቱ ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ ታገኛላችሁ፤ ፋሺስቶቹ ሥልጣን ላይ የቆዩበትን ዘመን እየቆጠሩ፣ ለአንድ ዓመት አንድ እርከን ብለው የሠሩት ነው። ጫፉ ላይ የተቀመጠው አንበሳ ከድል በኋላ የመጣ ነው። አባትህ ይሄን ሲሰሙ እንደሚስቁ እርግጠኛ ነኝ።

መታወቂያቸውን ከጎብዬ ይዘው እንዲመጡ ደውልላቸው። ዱላውን ደግሞ ፍተሻ ላይ ሊያስቀሩባቸው ይችላሉ፤ አስቀድመህ ንገራቸው፣ አለዚያ ከዘበኛው ጋር መጣላታቸው ነው።