ዓሣው አላበደም

ቤቴ ቡና ሊጠጣ የመጣ ሁሉ የዓሣ ሐኪም ነው። አንዱ ገንዳው ፊት ቆሞ «ይሄ ዓሣ አብዷል» ይላል። ሌላዋ «ኧረ እየጨፈረ ነው!» ብላ ስልኳን ታወጣለች። አንቱ የምላቸው ትልቅ ሰው ሳይቀሩ መስታወቱን በጣታቸው ኳ ኳ ያደርጉና «እስቲ አንዴ ይነፋና ልየው፣ ልጄ» ይሉኛል። እንግዳ ክቡር ነውና ቤቴ ውስጥ ዝም እላለሁ። እዚህ ግን ዝም አልልም።

ዓሣው ፐፈር የሚባለው፣ ሲፈራ ሆዱን የሚነፋው ነው። ቢጫ አረንጓዴ ጀርባው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለበት፤ ሆዱ ነጭ ነው፤ ዓይኖቹ እንደ እስስት ለየብቻ ይዞራሉ። ሰው ሁሉ መልኩን ይወድለታል፤ ኑሮውን የሚጠይቅለት ግን የለም። እኔ የምለው አጭር ነው፦ ፐፈር ያልተለመደ ነገር ሲያደርግ መጀመሪያ ውኃው ይመርመር፣ ቀጥሎ ባለቤቱ።

ከሻጩ ልጀምር። እዚህ ቨርጂኒያ አንድ የቤት እንስሳት መደብር ውስጥ ገንዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ዋጋውን በትልቁ ጽፎ ከሥሩ «ጨው አልባ ውኃ» ይላል። ጨው አያስፈልገውም ወይ ብዬ ብጠይቅ ሻጩ ትከሻውን ሰበቀ። እንዴት አያስፈልገውም? ይህ ፍጥረት የደቡብና የደቡብ ምሥራቅ እስያ ልጅ ነው፤ ወንዝ ከባሕር በሚቀላቀልበት፣ በማንግሮቭ ዛፎች ሥር የሚውል። ትንሽ ሳለ ጨው አልባ ውኃ ይችል ይሆናል። እያደገ ሲሄድ ግን ጨው ይፈልጋል፤ የወጥ ጨው ሳይሆን ለአኳሪየም የተዘጋጀ የባሕር ጨው፣ በመለኪያ እየታየ ቀስ በቀስ የሚጨመር። ይህን ያጣ ፐፈር ገንዳ ሙሉ ውኃ መሐል ይማቅቃል። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኸው ነው።

የሚያበሳጨኝ ደግሞ ዓሣው ያልታወቀ አለመሆኑ ነው። ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2004 የዚህን ዓሣ ጂኖም፣ ማለትም ሙሉ የዘር መረጃውን፣ አንብበው ኔቸር መጽሔት ላይ አውጥተዋል፤ አከርካሪ ካላቸው እንስሳት ሁሉ እጅግ አጭር ጂኖም ካላቸው አንዱ ነው። ጂኖሙ ድረስ ተነብቦለት፣ የሚኖርበትን ውኃ ዓይነት አንዲት ወረቀት ላይ በትክክል የሚጽፍለት ጠፋ!

አሁን ወደ «ጭፈራው» እንምጣ። ፐፈሩ ጥግ ይዞ፣ አፉን መስታወቱ ላይ ደግኖ፣ ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። ገንዳው ጠብቦት ይሆናል፤ መደበቂያ አጥቶ ይሆናል፤ የገዛ ምስሉ ባላጋራ መስሎት ይሆናል። ከሁሉ በፊት ግን አሞኒያ ይታይ። ዓሣ የሚተነፍሰውም የሚጸዳዳውም እዚያው ነው፤ ከቆሻሻውና ከተረፈው ምግብ የሚወጣው አሞኒያ መተንፈሻውን ያቃጥለዋል። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ፊልተሩ ውስጥ እስኪረቡ ሳምንታት ይፈጃል። እኛ ግን ጠዋት ገንዳ ገዝተን ማታ ዓሣ እንጨምራለን! ውኃው ጥርት ማለቱ አያታልላችሁ። በብዙዎቹ የቤት አሞኒያ መመርመሪያዎች፣ የመመርመሪያው ጠብታ የገባበት ውኃ ቢጫ ሆኖ ከቀረ እሰየው፤ ወደ አረንጓዴ ከሄደ «ጨፋሪው» እየተመረዘ ነው።

ሆዱ ሲጠቁርም እንዲሁ ነው። ተኝቶ ከጠቆረ ደኅና፤ ነቅቶም ጠቁሮ ከዋለ ጭንቅ አለበት። ምግቡን አነጣጥሮ፣ ነክሶ፣ መልሶ ሲተፋው «አማረጠ» ትሉታላችሁ። አፉን ቀርባችሁ እዩት። መንቁር የመሰሉት አራት ጥርሶቹ ዕድሜ ልኩን ያድጋሉ፤ ቅርፊት ያለው ቀንድ አውጣ እየሰበረ ካልሞረዳቸው አፉን ይዘጉበታል። ለስላሳ ምግብ ብቻ እየሰጡ አማረጠ ማለት ግፍ ነው።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን የማስነፋቱ ነገር ነው። ፐፈር አብዛኛውን ጊዜ የሚነፋው ሞት መጣብኝ ሲል ነው፤ ውኃ እየጎረሰ ጨጓራውን ይሞላል። አልፎ አልፎ ማንም ሳይነካው ይነፋል፤ ያን ማየት ዕድል ነው። አስፈራርቶ ማስነፋት ግን ጭካኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ባዮሎጂ ሌተርስ ላይ የወጣ ጥናት አንድ የባሕር ዘመዱን ለክቶ ነበር፦ ሲነፋ የሚጠቀመው ኦክስጅን አምስት እጥፍ ያህል ይጨምራል፤ ወደ ነበረበት ለመመለስ ደግሞ በአማካይ 5.6 ሰዓት ይፈጅበታል። ለአንዲት ቪዲዮ! በመረብ ከውኃ ሲያወጡት ደግሞ አየር ይውጣል፤ አየሩን ማስወጣት አቅቶት ሆዱን ገልብጦ የሚንሳፈፍ አለ።

«ዓሣ ነው እኮ፤ ሰው በሚራብበት ዓለም?» የሚሉኝ አሉ። ዓሣው ሲገዛ ያልቆጠቆጣቸው ገንዘብ መመርመሪያ ሲገዛ ነው የሚቆጠቁጣቸው። የተራበውን ያብሉ፣ እሰየው፤ በእሱ ስም ግን በቤታቸው ያሰሩትን እንስሳ አይመርዙ።

እንግዲህ ሻጩ ከዋጋው አጠገብ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ሲያድግ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ እንደሚደርስ፣ ጨው ያለበት ውኃ እንደሚፈልግ፣ ቅርፊት ያለው ምግብ እንደሚበላ። ገዢውም ከዓሣው በፊት መመርመሪያውን ይግዛ። ይህ የሚከብደው ሰው የዓሣ ሥዕል ገዝቶ ግድግዳው ላይ ይስቀል። ሥዕል ውኃ አይፈልግም።