መብራት ለመቆጠብ ሞተር ማቃጠል

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ በመለቀቁ ከውጭ የሚገባ የኤሌክትሪክ ሞተር ዋጋ በብር ሲሰላ ከፍ ብሏል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመብራት ታሪፍ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። እንግዲህ የወልድያ ባለወፍጮም ሆነ የሀብሩ ባለፓምፕ የመብራት ሒሳቡን የሚቀንስለት መሣሪያ ቢፈልግ አያስገርምም። ባለሙያዎች «ኢንቨርተር» የሚሉት የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ ተፈላጊነቱ የሚመነጨው ከዚህ ነው። ነገር ግን ኢንቨርተር ለብቻው የሚገዛ ዕቃ አይደለም። ከነመከላከያው ካልተገዛ ቆጣቢ መሆኑ ቀርቶ ሞተር አቃጣይ ሊሆን ይችላል።

በመጀመሪያ ቁጠባው በእርግጥ መኖሩን ማጣራት ይገባል። ውሃ በሜዳ ላይ በረጅም ቧንቧ የሚገፋ ፓምፕ ፍጥነቱ ወደ 80 በመቶ ሲወርድ የሚፈጀው ኃይል ወደ ግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ሀብሩን በሚያካትተው የቆቦ ጊራና ሸለቆ ግን የመስኖ ውሃ የሚሳበው ከጥልቅ ጉድጓድ ነው። አብዛኛው ኃይል የሚውለው ውሃውን ወደ ላይ ለማንሣት ስለሆነ ፍጥነት መቀነስ የሚያስገኘው ቁጠባ ትንሽ ነው። ከልክ በላይ ከቀነሰም ውሃው ጭራሹን አይወጣም። ወፍጮም ቢሆን ሲዘገይ የሚፈጨው እህል አብሮ ይቀንሳል። ለእነዚህ ሥራዎች የኢንቨርተር ዋናው ጥቅም ሌላ ነው። ሞተር በቀጥታ ሲነሣ ከመደበኛው ስድስት እጥፍ ገደማ ከረንት ይስባል፤ ኢንቨርተር ግን በዝግታ ያስነሣዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ከፍታ ነው። አምራቾች የኢንቨርተርን አቅም የሚተምኑት በአብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ እስከ 1000 ሜትር ላለ ቦታ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ገደማ ይቀነሳል። ስለዚህ 2100 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት ወልድያ 11 በመቶ፣ 1600 ሜትር ገደማ በሆነችው መርሳ ደግሞ 6 በመቶ ይጎድላል። ልክ በልክ የተገዛ ኢንቨርተር አይበቃም ማለት ነው። በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ዘግቶ ማስቀመጥም ሙቀቱን ያባብሰዋል።

ሦስተኛው የሞተሩ ጤንነት ነው። ማቀዝቀዣው በራሱ ዘንግ ላይ የተገጠመ ሞተር ሲዘገይ ንፋሱ አብሮ ስለሚደክም ይግላል። የጉድጓድ ፓምፕንም አምራቾች በአብዛኛው ከ30 ኸርዝ በታች እንዳይሠራ ያስጠነቅቃሉ። ከዚህም በላይ ኢንቨርተር ኤሌክትሪኩን እየቆራረጠ ስለሚልክ፣ ኬብሉ ረጅም ከሆነ በ380 ቮልት ሞተር ጫፍ ላይ ከ1000 ቮልት በላይ የሚዘል ግፊት ሊፈጠር ይችላል። በተለይ ተቃጥሎ እንደገና የተጠመጠመ አሮጌ ሞተር ይህን አይችልም። መፍትሔው በኢንቨርተሩና በሞተሩ መካከል ማጣሪያ መግጠም ነው። የመሬት ሽቦ በአግባቡ ካልተሠራ ደግሞ ኩሽኔታው በሚያልፍበት ከረንት ይበላል። ካፓሲተር ከኢንቨርተሩ በኋላ ፈጽሞ አይገባም።

የሰው ሕይወትም አለ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሞተሩ በራሱ እንዲነሣ የተስተካከለ ኢንቨርተር ቺንጋ ላይ እጁን ያሳረፈ ሠራተኛን ይጎዳል። ኃይል ከተቋረጠ በኋላም በውስጡ ገዳይ ቮልቴጅ ስለሚቆይ፣ ክዳኑን ከመክፈት በፊት በመመሪያው የተጻፈውን ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ 5 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ፣ መጠበቅ ግዴታ ነው።

ከዚህ አኳያ ሻጩ ዋጋ ከመስጠቱ በፊት ሦስት ነገር ሊጠይቅ ይገባል፦ በሞተሩ ታርጋ ላይ ያለውን ጽሑፍ፣ የኬብሉን ርዝመትና የሚተከልበትን ቦታ ከፍታ። ይህን ሳይጠይቅ «ይሠራል» የሚል ነጋዴ የሚሸጠው ሣጥን ብቻ ነው። ደላላም ኮሚሽኑን ከመቀበሉ በፊት ማጣሪያውና የመሬት ሽቦው ዋጋው ውስጥ መግባታቸውን ቢያረጋግጥ ደንበኛውን ያቆያል። ገዢው በበኩሉ ርካሹን ዋጋ ከሌላ ርካሽ ዋጋ ጋር ሳይሆን፣ ሽንኩርት ማሳ ላይ እያለ ፓምፕ ቢቆም ከሚደርስበት ኪሳራ ጋር ያወዳድር። አለዚያ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው በእርሱ ይደርሳል።